ከቀኑ በፊት የታጠበ እጅ

ጁሀራ በአሥረኛው ቀን ጠዋት አልመጣችም።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ቅቤውን አሞቅሁ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ቀዝቅዞ ስለነበር እንደገና አሞቅሁት። በር ላይ ወጥቼ የጎባን መንገድ ሳይ የመንግሥት እርሻው ትራክተር ጭቃ እየረጨ አለፈ እንጂ ከመኪናም ከጋሪም የወረደ ሰው የለም። ልጄ ብዙነህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ትራክተሩ ሲያልፍ ጉልበቱ ወደ ደረቱ ተሰበሰበ። ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ በር ላይ ቆሜ ሰማሁት።

«ትመጣለች» አልኩት።

«አትመጣም።»

«መኪና አጥታ ይሆናላ! ሮቤና ጎባ እኮ ጓሮና ደጅ አይደለም።»

«እማዬ፣ አትመጣም አልኩሽ!»

እንዲህ ጮኾብኝ አያውቅም። በእርግጥ ከኦጋዴን ጦርነት ከተመለሰ ወዲህ ጮኾም፣ ስቆም፣ አልቅሶም አያውቅም። ሁለት ዓመት አለፈው። ጥይት አልነካውም። ሰው ሁሉ «ሙሉ ሰው ሆኖ ገባልሽ፣ ተመስገን በይ» ይለኛል፤ እኔም ተመስገን እላለሁ። ሙሉ ሰው ግን የገዛ የስፌት መኪናው ሲንቀሳቀስ አልጋ ሥር አይገባም። ልጄ ልብስ ሰፊ ነበር። አሁን የመኪናው ድምፅ መትረየስ ስለሆነበት መኪናው አንሶላ ለብሶ ጥግ ላይ እንደ አስከሬን ተቀምጧል። ጠበል ወሰድኩት። ኪኒን አስዋጥኩት። ተቆጣሁት፣ ለመንኩት፣ ጎረቤት ፊት አሳፈርኩት። አንዱም አልረዳውም።

መጨረሻ ላይ የጎባዋን አዴ ቀመርን ነገሩኝ። ወጌሻ ናት። እንደ ሌሎቹ የወለቀ አጥንት የምትመልስ ብቻ አይደለችም፤ በድንጋጤ የደረቀ ገላ የምታላቅቅ ናት። የእሷን ጣቶች ቁርጥማት አጣሟቸው ስለነበር የወንድሟ ልጅ ጁሀራ እጅ ሆነቻት። አክስቲቱ መቁጠሪያዋን ይዛ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ልጅቱ ታሻለች። አሥራ ሁለት ቀን፣ ቀን ሳይዘለል፣ በየቀኑ ከጠዋት እስከ ቀትር። ከውስጥ እግር ይጀመርና ወደ ላይ ይወጣል። ግድግዳ በእግሩ እንዲገፋ ታዘዋለች። መሬት እንዲረግጥ ታደርገዋለች። ሲንቀጠቀጥ ደግሞ እንደኛ «አይዞህ፣ በቃህ» ብላ አትይዘውም። ትተወዋለች።

«ምነው ልጄን አትይዢውም?» ብዬ በመጀመሪያው ቀን ጮኽኩባት።

አዴ ቀመር መለሰችልኝ። «ጭንቅላቱ ጦርነቱ ማብቃቱን ሰምቷል፤ እግሩ አልሰማም።»

«እግር ደግሞ በምን ይሰማል?»

«በእጅ ነዋ» አለችና ወደ መቁጠሪያዋ ተመለሰች።

እንዲህ ያሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ግን በአራተኛው ቀን ልጄ እስኪነጋ ተኛ። በስድስተኛው ቀን መስተዋት አምጪ አለኝ። ሁለት ዓመት ፊቱን ያላየ ልጅ! ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ጁሀራን አየኋት። ስትሠራ ዓይኗን ከምትነካው ቦታ ቀና አታደርግም። ስትሄድ ግን በሩ ላይ ሻሿን ለማስተካከል ጊዜ ይወስድባታል፤ የሌለ እጥፋት ታቃናለች፣ ከዚያ አንዴ ዞር ትላለች። እሱም እስክትዞር ይጠብቃል።

እሷ ጎባ ላይ ሁለት በር የጨርቅ ሱቅ ያለው የዘይነዲን ልጅ ናት። እኛ የዚያን ሱቅ ጨርቅ ሰፍተን የምንኖር ነን። እሷ ትሰግዳለች፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን እንሳለማለን። እንዲያው ከየት ወዴት?

ደግሞም የሚከነክነኝ ነገር አለ። ጁሀራ እጇ ላይ ውሃ እንዳፈስ አትፈቅድም። ሥራዋን ስትጨርስ እጇ በቅቤ ተነክሮ ብቻዋን ጓሮ ትወጣና በአመድ አሽታ ትታጠባለች። ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዤ ስቀርብ እጇን ከኋላዋ ትደብቃለች። «ይተዉኝ እትዬ እናኑ፣ እኔው እታጠባለሁ» ትላለች። እንግዳ ሳያስታጥቡ ማብላት የት አገር ነው ያለው? የክርስቲያን ውሃ ተጸይፋ ነው አልኩ። ውስጤ እየተቃጠለ ማንቆርቆሪያውን ወደ ጓዳ መለስኩት።

በስምንተኛው ቀን ትራሱን ሳራግፍ ወረቀት ወደቀ። የልጄ ጽሕፈት ነው። እሱ ፀሐይ ሊሞቅ ወጥቷል። እኔ መሠረተ ትምህርት ከጀመርኩ አምስተኛ ወሬ ነው፤ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ከሰሌዳና ከመጽሐፉ በቀር ምንም አንብቤ አላውቅም። በሕይወቴ ያነበብኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ የሰው ምስጢር ሆነ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። መምህራችን ኃይለየሱስ እንዳስተማረን እርሳስ ይዤ ከአንድ ቃል ወደ ሌላው እየሄድኩ አነበብኩ።

«ጁሀራ፣ እጅሽ ሲነካኝ የምናገረው ይጠፋኛል፤ ስለዚህ እጽፋለሁ። አሥራ ሁለተኛው ቀን ቶሎ እንዲደርስ እለምናለሁ። ደግሞ እንዳይደርስ እለምናለሁ። ዛሬ ወንድሜ ነህ ትይኛለሽ። ነገስ?»

ለማንበብ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ለመናደድ ግን ወዲያው። ልጄ የማይሆነውን መውደዱ አናደደኝ። እሷ «ወንድሜ» ማለቷ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ። ልጄ ምን ይጎድለዋል? ወረቀቱን እንደነበረ አጥፌ መለስኩ።

በማግስቱ፣ በዘጠነኛው ቀን ማለት ነው፣ ምሳ አዘጋጀሁ። ሥጋችንን እንደማይበሉ ስለማውቅ ከጎረቤት ተምሬ የገብስ ጩኮ ሠራሁ፤ በንጹሕ ቅቤ፣ በአዲስ ዕቃ። አዴ ቀመር ለቀትር ሰላት ወደ ጓሮ ወጥታለች። ጁሀራ ከልጄ ጎን ተነሳች፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ያብረቀርቃል። ማንቆርቆሪያዬን ይዤ መንገዷ ላይ ቆምኩ።

«ዛሬስ እኔ ነኝ የማስታጥብሽ።»

«ኧረ እትዬ፣ ወላሂ ይተዉኝ። አሁን አይሆንም።»

«ውሃዬ ምን አለበት? ዘርጊ!»

ወደ ልጄ ዞር አለች። እሱ በክርኑ ተነስቶ «እማዬ፣ ቆይ...» አለ። እኔ አልቆየሁም። አንጓዋን ያዝኩና አፈሰስኩ። ውሃው ጣቶቿ መካከል ወረደ፣ ቅቤው ሳፋው ላይ ተንሳፈፈ። ጁሀራ አልታገለችም። እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ እያየች እስክጨርስ ቆመች። ከዚያ ጩኮውን ሳትቀምስ ሻሿን ሳታስተካክል ወጣች። ሳትዞር ስትሄድ ያን ቀን ብቻ አየኋት።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት እንግዲህ ልጄ ጮኾብኝ ተነሳና ከትራሱ ሥር ያን ወረቀት አወጣ።

«ይህ የማን ነጥብ ነው?»

አየሁት። ከየቃሉ ሥር የእርሳስ ነጥብ አለ። መምህራችን «እየነጠባችሁ አንብቡ» ይለናል፤ እጄ ለምዶ ነጥቧል። እንደ ጅብ ዱካዬን ትቼ ሄጃለሁ።

«ብዙዬ...»

«አንብበሽ፣ አውቀሽ፣ በማግስቱ ውሃ አፈሰስሽባት። አባረርሽብኝ። በይ ደስ ይበልሽ።»

«ውሃ ማስታጠብ ማባረር ነው እንዴ? እኔ ምን አውቄ!»

«የመጀመሪያው ቀን ነግረውሻል!» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ነጠላዬን አጣፋሁና ወደ ጎባ በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፈርኩ። የሻያን ወንዝ ተሻግረን ዳገቱን ስንወጣ ብርዱ ፊቴን ይገርፈዋል፣ እኔ ግን በላብ ርሻለሁ። ምን አጠፋሁ? ማስታጠብ ነው ያጠፋሁት? ዓለም ተገልብጣለች?

ዘይነዲን ሱቁ ውስጥ አቡጀዲ ይለካ ነበር። ሰላም ስለው መቀሱን አስቀመጠ።

«ሙያችንን በውሃ ሸኝተው አሁን ምን ፈልገው መጡ?»

«ጌታው፣ አላወቅሁም።»

«ለእህቴ ይንገሯት» አለና መለካቱን ቀጠለ።

አዴ ቀመር ከጓዳ ወጣች። ከኋላዋ ያለው መጋረጃ ተንቀሳቀሰ፤ ማን እንደቆመ አወቅሁ።

«የመጀመሪያው ቀን ነግሬሻለሁ። ኤዬ፣ ኤዬ ብለሽ ራስሽን ነቅንቀሻል» አለችኝ።

እውነት ነው። ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ብዙ ነግራኛለች። እኔ ግን የልጄን እግር እያየሁ ነበር። ያን ቀን ቤትሽ ተቃጠለ ቢሉኝም ኤዬ፣ አዎ አዎ እል ነበር።

«እንደገና ንገሪኝ» አልኳት። «አሁን እሰማለሁ።»

«የምታሸው ሴት እጇ ቅቤ እስከያዘ ድረስ ህመምተኛው ወንድሟ ነው። የሰው ገላ የምንነካው በዚህ ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የህመምተኛው ወገን ያስታጥባታል። ውሃው ከፈሰሰ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ወንድሟም አይደለም፤ ባዕድ ነው። ባዕድ ወንድ እንዴት ትነካለች? በሦስት ቀን ቀደምሽው።»

«ታዲያ መልሰን ቅቤ እንቀባት!»

«እናኑ፣ እጅ ድስት ነው እንዴ?»

ማልቀስ ጀመርኩ። መጋረጃው ተገለጠና ጁሀራ ወጣች። ዓይኗ አብጧል።

«እትዬ እናኑ፣ እኔ ሃይማኖቴን ጠልተው አሰናበቱኝ ብዬ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ውሃዬን ተጸይፈሽ ነው ብዬ ነበር!»

ተያየን። አዴ ቀመር በእጇ ጀርባ አፏን ሸፍና ሳቀች። ዘይነዲን ግን አልሳቀም።

«ይበቃል» አለ። «ከዚህ ቤት ማንም ከዚያ ደጃፍ አይደርስም። ልጄን አንዴ በሰው ፊት ሸኝተዋታል፤ ሁለተኛ አይሸኟትም።»

እናት ነኝ፣ የአባትን ቁጣ አውቃለሁ።

አዴ ቀመር ወደ ደጅ ሸኘችኝ። ሳቋ ጠፍቷል። «ከእግሩ ያስነሳነው ሁሉ አሁን ደረቱ ላይ ቆሟል። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ እጅ ካልነካው ወደነበረበት ይመለሳል፤ ሁለተኛ ለመነሳትም እሺ አይልም።»

«ማን ይንካው? አንቺ ጣትሽ፣ እሷ ውሃው...»

እጄን ብቻ አየች። ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁት።

«እኔ? እኔ ሽንኩርት የምከትፍ ሴት ነኝ!»

«ወገን ነሽ። እጅሽ አልታጠበም።»

«አላውቅበትም። ብትነግሪኝም እረሳዋለሁ፤ እንደ መጀመሪያው ቀን።»

«ይጻፍልዎት?» የሚል ድምፅ ከበሩ ውስጥ መጣ። ጁሀራ ናት።

«ማንበብ ገና ነኝ ልጄ። ከየቃሉ ሥር ካልነጠብኩ መስመሩ ይጠፋኛል። ልጄም ያወቀብኝ በነጥቤ ነው። የጻፈልሽን ደብዳቤ አንብቤዋለሁ።»

ፊቷ ቀላ። «የጻፈልኝ ደብዳቤ አለ?»

ይኸውና፣ እሱንም እኔ አወጣሁት! አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። እሷ ግን ወደ ውስጥ ሮጠች። መኪናው ሊነሳ ሲል ከደብተር የተቀደደ ወረቀት እጄ ላይ አስቀመጠች። ሮቤ እስክደርስ አልከፈትኩትም፤ ፈራሁ።

ስከፍተው ፊደሉ እንደ ሰሌዳ ትልልቅ ነው። ከየቃሉ ሥር ደግሞ ነጥቡን ቀድማ ነጥባዋለች።

«ቅቤው ይሙቅ፣ አይፋጅ። በእጅዎ ጀርባ ይሞክሩት። በርበሬ የነካ እጅ አይሁን። ደረቱ ላይ ያሳርፉ። አይጫኑ። ሲተነፍስ እጅዎ አብሮት ይውጣ። ሲንቀጠቀጥ አይያዙት። በቃህ አይበሉት። ቢያለቅሱም እጅዎን አያንሱ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጣቶቹን አንድ በአንድ። በመጨረሻ ውሃ የሚያፈስልዎ ወገን ነው። ሌላ ሰው እንዳያፈስ። ይጠብቁ።»

ወረቀቱን ትራሱ አጠገብ ዘርግቼ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ጀመርኩ።

«እማዬ፣ አንድ መስመር ሦስት ጊዜ አነበብሽው።»

«ዝም በል። መስመሩ ጠፍቶብኝ ነው።»

ልጄን ከሰባት ዓመቱ ወዲህ ደረቱን ነክቼው አላውቅም። ጎድን አጥንቱ በእጄ ሥር ይቆጠራል። መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወረቀቱ ጠፋኝ፤ «በቃህ፣ በቃህ ልጄ!» ብዬ እላዩ ላይ ተደፋሁ። ወዲያው ደረቀ። እንደ ጣውላ። አሥረኛው ቀን በዚህ አለፈ። ራሴን ረገምኩ፤ ልጅቱንም ረገምኩ፤ የተመረቀ ሰው ቢኖር እሱንም እረግመው ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን እጄ ደረቱ ላይ ሳለ ትራክተሩ መጣ። ሞተሩ ደጃፋችን ላይ ተኮሰ። ልጄ ከእጄ ሥር ዘለለ። መላ ገላው ተርገፈገፈ፣ አልጋው ግድግዳውን መታው። ነጠላዬን ነከስኩ። አልያዝኩትም። «በቃህ» ጥርሴ ላይ ደርሳ ተመለሰች።

«እዚህ ነበር» አለ።

እጄ ያረፈበትን ደረቱን ማለቱ ነው።

«ዱጉማ። እዚህ ነበር። እላዬ ላይ ወደቀ። ከንጋት ጀምሮ እስኪመሽ እዚህ ነበር። ከፍ ላደርገው አልቻልኩም። መጀመሪያ ይተነፍስ ነበር እማዬ። እኔም አብሬው እተነፍስ ነበር። ከዚያ እኔ ብቻ ቀረሁ።»

ዱጉማ የሚባል የጦር ጓደኛ እንደነበረው ያን ቀን ሰማሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄ ሌላ የእናት ልጅ ደረቱ ላይ ተሸክሞ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ ተነሥ፣ ሥራ ሥራ፣ ሰው ፊት አታሳፍረኝ እለዋለሁ! እንባዬ ቅቤው ላይ ጠብ አለ። እጄን አላነሳሁም። ደረቱ ሲወጣ አብሬው ወጣሁ፣ ሲወርድ አብሬው ወረድኩ። ከዚያ ልጄ አለቀሰ፤ እንደ ሕፃን፣ በድምፅ። ጎረቤት ይስማ! ይስሙ ሁሉም!

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጣቶቹን አንድ በአንድ አሸሁ። ስጨርስ ተነሣ። ጥግ ወዳለው መኪና ሄዶ አንሶላውን ገፈፈ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መዘውሩን በእጁ ቀስ ብሎ አዞረ። ጠቅ። ትከሻው ዘለለ። ቆየ፣ ተነፈሰ። እንደገና ጠቅ።

እኔ በቤቱ መሀል እጄን ዘርግቼ ቆሜያለሁ። ቅቤው እየረጋ ነው። በቤታችን ሁለት ብቻ ነን፤ ህመምተኛው ራሱ አያፈስም። ጎረቤት ወገን አይደለም። «ይጠብቁ» ይላል ወረቀቱ። ማንን ነው የምጠብቀው? ከሰማይ ወገን ይወርድልኛል? ይህች ልጅ ስትጽፍ አላሰበችም? ሰውን እጁን በቅቤ ነክሮ ማቆም ምን ዓይነት...

በሩ ጨለም አለ። አዴ ቀመር እያለከለከች ገብታ ያለ ሰላምታ ተቀመጠች።

«ዘይነዲንስ?» አልኩ።

«ሲያለቅስ እኔ ነኝ አፍንጫውን እየጠረግሁ ያሳደግሁት። ጮኾ ጮኾ ደከመውና ጋሪውን ራሱ ጠራልን። መቆጣቱን ግን አልተወም።»

ከኋላዋ ጁሀራ ቆማለች። ከደፉ አላለፈችም። ልጄን አላየችም፤ እኔን ነው የምታየው፤ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው። ማንቆርቆሪያው በሩ አጠገብ ነበር። ጎንበስ ብላ አነሳችው።

የመኪናው ድምፅ ቆመ።

«ልጄ፣ የሚያፈሰው ወገን፣ የዚህ ቤት ሰው ነው» አልኳት። «ታውቂያለሽ?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«አስበሽ ነው? አባትሽ፣ ቤተሰብሽ፣ ሃይማኖቱ... ነገሩ ቀላል እንዳይመስልሽ። እኔ ራሴ ገና...»

ደፉን ተሻገረች። ሳፋውን በእግሯ ወደ እኔ ገፋች። ዓይኗ ይስቃል።

«እትዬ እናኑ፣ ውሃዬ ምን አለበት? ይዘርጉ!»

ዘረጋሁ። የሁለቱን ፊት ለማየት ቀና አላልኩም፤ አፈርኩ። ውሃው በጣቶቼ መካከል ሲወርድ ቶሎ እንዳያልቅ ብቻ ለመንኩ።